ባለ አምስት ሺህ ዋቷ ሣጥን

ኪስ ውስጥ የሚገባ ሙዚቃ ማጫወቻ መምረጥ ሰው አያደክምም። ጣጣው የሚጀምረው ያ ሙዚቃ ከኪስ ወጥቶ ሳሎን ውስጥ ይሰማ የተባለ ዕለት ነው። ዛሬ ለአብዛኛው ቤት ማጫወቻው ስልኩ ራሱ ነው፤ አንዳንዱም ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የመጣች ትንሽ ኤምፒ ስሪ በመሳቢያው ውስጥ አለችው። እዚያች ውስጥ ከጥላሁን ገሠሠ ጀምሮ ትናንት እስከ ወጣው ነጠላ ዜማ ድረስ ዘፈን ተጠቅጥቋል። ይሁን እንጂ የስልክ ድምፅ ማጉያ በጣም ትንሽ ነገር ነውና ከበሮ ሲመታ የሚሰማው ከበሮው ሳይሆን የከበሮው ወሬ ነው።

ለጊዜው ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ማቆም የተለመደ መላ ነው። ብርጭቆው ድምፁን ትንሽ ያጎላዋል። ግን እንግዳ ሲመጣ ብርጭቆው ለራሱ ሥራ ይፈለጋል፤ ዘፋኙም ተጎትቶ ይወጣል። «አንድ ደህና ቴፕ እንግዛ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

ውሳኔው እንደተላለፈ ቤቱ ሸንጎ ይሆናል። አባት የወጣትነቱን ዘፈን ቃል በቃል ጥርት አድርጎ የሚያሰማ ይፈልጋል። እናት ዕቃው ቡፌው ላይ የሚቀመጥ፣ አቧራ የማይሰበስብ፣ ዳንቴል ቢጣልበትም የሚያምር ይሁን ትላለች። ወንዱ ልጅ «ቤዝ» ከሚለው ቃል ሌላ የለውም፤ መስኮቱ ካልተንቀጠቀጠ ለሱ ሙዚቃ አልተከፈተም። እህቱ ቶሎ ከስልኳ ጋር ይገናኝላት እንጂ ሌላው ግድ የላትም። አያት መዝሙራቸውንና የሬዲዮ ዜናቸውን ያስባሉ። ማብሪያው በጨለማ ተዳስሶ የሚገኝ ይሁን ብለው የሚያሳስቡት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ከተሰጠው አስተያየት ሁሉ የሚሻለውም ይኸው የእሳቸው ነው። እንዲህ እያለ ዕቃው ገና ሳይገዛ አምስት ጌታ ያበቅላል።

መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው መምረጥ አይጠበቅበትም፤ ይመረጥለታል። ባለሱቁ ከመደርደሪያው ትልቁን አውርዶ ሶኬት ላይ ሲሰካው ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ክቦች ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያበሩ ይሽከረከራሉ።

«ጋሼ፣ ይኼ አምስት ሺህ ዋት ነው። ሰርግ ያስጨፍራል!»

«እኔ ለሳሎን ነው የምፈልገው።»

«ለሳሎንማ ይተርፋል! ይስሙት እስቲ።»

የሚያሰማው ግን ራሱ የመረጠውን ዘፈን ነው። ያ ዘፈን ቀኑን ሙሉ ሲጫወት የሚውል፣ ከላይ «ጢስ ጢስ» ከታች «ዱብ ዱብ» የሚል፣ በየትኛውም ሣጥን ቢሉት ደህና የሚመስል ነው። በግራ ያለው ሱቅ የራሱን ከፍቷል፤ በቀኝ ያለውም እንደዚያው። በዚያ ጫጫታ መሐል ጥራት የሚባል ነገር ስለማይለይ ገዢ የሚመዝነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጩኸቱንና መብራቱን። መብራቱ ለጆሮ ምን እንደሚያደርግለት እስካሁን የጠየቀ ገዢ አይታወቅም።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ ከተጻፈው 5000 ዋት አጠገብ ደግሞ አራት ትንንሽ ፊደላት አሉ፤ ፒኤምፒኦ። ሙዚቃው ለቅጽበት ድንገት ቢፈነዳ ዕቃው ይደርስበታል ተብሎ የሚገመት የኃይል ጣሪያ ነው ይሏል። ጣሪያው እንዴት እንደሚለካ ሁሉም የተስማማበት ደንብ ስለሌለ እያንዳንዱ ፋብሪካ ልቡ የፈቀደውን ቁጥር ይጽፋል። ቁም ነገሩ ያለው አርኤምኤስ በሚባለው፣ ማጉያው ሳያቋርጥ ሊያወጣው በሚችለው ኃይል ላይ ነው። ይኼኛውን አንዳንዱ ካርቶን ጨርሶ አይጽፈውም፤ የሚጽፈውም በጀርባ በኩል፣ መነጽር በሚያስወጣ ፊደል ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን የመሰለውን ጉራ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ለቤት ማጉያዎች ደንብ አውጥቶ ነበር፤ ዋት ጠርቶ የሚሸጥ ሁሉ በምን ሁኔታ እንደለካው አብሮ እንዲናገር ያስገድዳል። ደንቡ ግን ውቅያኖስ አቋርጦ አውቶቡስ ተራ አልደረሰም።

ጉራውን ለማጋለጥ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሣጥኑን ገልብጦ የኃይል ገመዱ የሚሰካበትን ቦታ ማየት ይበቃል። በዚያ አካባቢ፣ ወይም በራሱ ቻርጀር ሆድ ላይ፣ ትንሽ ጽሑፍ አለች፤ ከፊት ለፊት እንደተለጠፈው አትዋሽም። ብዙዎቹ ትንንሽ ሣጥኖች እንደ ስልክ በ5 ቮልትና በ2 አምፔር የሚሞሉ ናቸው። አምስት በሁለት ሲባዛ አሥር ነው፤ አሥር ዋት! አሥር አስገብቶ አምስት ሺህ የሚያወጣ ሣጥን ቢገኝማ ዓባይን ለመገደብ ያን ሁሉ ዓመት ባልተለፋ። በውስጡ ባትሪ ያለው ዕቃ ለአፍታ ከአሥሩ ከፍ ሊል ይችላል፤ አምስት ሺህን ግን በሕልሙም አያያትም። ማመሳከሪያ ለሚፈልግ፣ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ የሚበላው ሦስት ሺህ፣ ሦስት ሺህ ተኩል ዋት ግድም ነው። ይህቺ ሣጥን እውነት አምስት ሺህ ብትሆን ኖሮ በ220 ቮልት መስመር ከ22 አምፔር በላይ ስባ፣ ዘፋኙ ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ቆጣሪውን ታወርደው ነበር። እናትም እንጀራውን እላይዋ ላይ ትጋግራለች።

ደግሞስ ይህን ሁሉ ዋት ማን ፈለገው? ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ «አሁን እጥፍ ሆነ» ብሎ እንዲመሰክር ኃይሉ አሥር ጊዜ ያህል መጨመር አለበት። ሰው ቡና እየጠጣና እየተጨዋወተ የሚሰማው ሙዚቃ ከአንድ ሁለት ዋት እምብዛም አያልፍም። ሃያ ሃያ እውነተኛ ዋት ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ለኮንዶሚኒየም ሳሎን ከበቂ በላይ ናቸው፤ ከዚያ ያለፈው ሒሳቡ የሚከፈለው በቤቱ ባለቤት ቢሆንም የሚሰማው ግን ጎረቤት ነው።

ከዋቱ የሚከፋው የአፉ፣ ማለትም የመሰኪያው፣ ነገር ነው። ሶኒ ዎክማን የተባለችውን ትንሽ የካሴት ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1979 ነበር። የመጀመሪያዋ ዎክማን ሁለት የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ነበራት፤ ለብቻ ሙዚቃ ማድመጥ ነውር እንዳይሆን ታስቦ ነው ይባላል። ያ ይሉኝታ ብዙ አልቆየም። ቀዳዳው ግን ቆየ፤ 3.5 ሚሊሜትር የሆነው ክብ ቀዳዳ፣ የእኛ ሰው ጃክ የሚለው፣ ከዚያ በኋላ በመጣው በካሴቱም፣ በሲዲውም፣ በኤምፒ ስሪውም ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ ኖረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ማንም ሰው የማንንም ማጫወቻ ከማንም ሣጥን ጋር በአንድ ገመድ ያገናኝ ነበር፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ኩባንያም አልነበረም።

ከዚያ አፕል መጣ። አይፖድን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 አምስት ጊጋባይት ይዞ፣ አንድ ሺህ ዘፈን በኪስዎ እያለ አስተዋወቀ። በ2003 ሦስተኛውን ትውልድ ሲያወጣ ከሥሩ ሠላሳ ጥቃቅን ጥርስ ያለው ጠፍጣፋ መሰኪያ ገጠመለት። መሰኪያው በአንድ ጊዜ ባትሪ ይሞላል፣ ዘፈን ያስተላልፋል፣ ትእዛዝም ይቀበላል። ይህን ያየ ፋብሪካ ሁሉ አይፖዱ ጭንቅላቱ ላይ ቆሞ የሚዘፍንበት ሣጥን መሥራት ጀመረ። ቦዝ በ2004 ሳውንድዶክን በ299 ዶላር አወጣ። አፕል ራሱም በየካቲት 2006 አይፖድ ሃይፋይ የሚባል ነጭ ሣጥን በ349 ዶላር ይዞ ቀረበ፤ የኩባንያው አለቃ ስቲቭ ጆብስም የቤቱን ትልቁን ስቴሪዮ በዚህ እንደሚተካው መድረክ ላይ ተናገረ። ሣጥኑ መብራት ሲጠፋ በስድስት ትልልቅ ባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበር። ለአዲስ አበባ የሚሆን ቁም ነገር ቢኖረው ይኼ ነበር፤ ግን ባትሪውን ሳይጨምር ከስድስት ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሻንጣ ውስጥ አስገብቶ የሚያመጣው ዘመድ አንጀቱ የጠና መሆን አለበት። ዓመት ተኩል ገደማ ቆይቶ፣ በመስከረም 2007፣ ከገበያ ወጣ። ጆብስ የሸኘውን ስቴሪዮ ይመልሰው አይመልሰው ታሪክ አልመዘገበም።

ዋናው ዱላ ያረፈው ግን በመስከረም 2012 ነው። አይፎን 5 ሲወጣ ሠላሳ ጥርሱ ቀረና በእሱ ፋንታ ላይትኒንግ የምትባል ቀጭን መሰኪያ ገባች። በየቤቱ መደርደሪያ ላይ የነበረው ሣጥን ሁሉ ድምፁ ምንም ሳይሆን አፉ ብቻ ተበላሸ። መካከለኛ የምትሆን ትንሽ መጋጠሚያ በ29 ዶላር ትሸጥ ነበር፤ ዕቃውን የገዛ ሰው ተመልሶ ለአፉ ይከፍላል ማለት ነው። በ2016 ደግሞ አይፎን 7 ያንን አሮጌ ክብ ቀዳዳ ጨርሶ ደፈነው። በ2023 ላይትኒንግም በተራዋ ለዩኤስቢ ሲ ቦታ ለቀቀች። በሃያ ዓመት ውስጥ ሦስት አፍ!

በዚያ የሠላሳ ጥርስ ዘመን ከዋሽንግተንና ከዳላስ ለበዓል የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ አይፖድ የሚቆምበት ሣጥን ማግኘት ብርቅ አልነበረም። ስጦታው ያማረ ነው፤ አንድ ነገር ግን ሳይነበብ ይመጣል። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። አንዳንዱ ቻርጀር ሆዱ ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ አለው፤ እሱ ከየትኛውም አገር መብራት ጋር ይስማማል። ሌላው «120» ብሎ ይቆማል። ይኼኛው ያለ ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ የተሰካ እንደሆነ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚሰማው የመጀመሪያ ድምፅ «ጧ» የሚል ሲሆን፣ ቀጥሎ ጢስ ይወጣል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለው ዘፈን ሳይጀመር ይቀራል። ከውጭ የመጣ ማንኛውም የድምፅ ዕቃ ከመሰካቱ በፊት ያቺን አንድ መስመር ማንበብ ግድ ነው። ንባቡ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ አማርኛም እንግሊዝኛም አይጠይቅም፤ ቁጥር ብቻ ነው።

አሁን «ስቴሪዮ» ወደሚለው ጉዳይ። አለን ብለምላይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ ሳለ ተዋናዩ ከሸራው ግራ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ አልነቃነቅ ማለቱ አናደደው ይባላል። ሌላው ተመልካች ፊልሙን አይቶ ቤቱ ሲገባ እሱ መላ ሲፈልግ ሰነበተና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1931 የስቴሪዮን ፓተንት አመለከተ። ሐሳቡ ሁለት ጆሮ ላለው ሰው ሁለት የድምፅ ምንጭ ይስጡት ነው። ጥሩ ስቴሪዮ ከፊቱ ሲቀመጡ ዘፋኙ መሐል ላይ የቆመ፣ ሳክስፎኑ ከወዲህ፣ ኪቦርዱ ከወዲያ ያለ ይመስላል።

ይህ እንዲሆን ግን ሁለቱ ስፒከሮች መራራቅ አለባቸው። የተለመደው ምክር በሁለቱ መካከል ያለው ርቀትና ከእያንዳንዳቸው እስከ አድማጩ ያለው ርቀት እኩል ይሁን የሚል ነው፤ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቢሆን ሸጋ ነው። ሃያ ሳንቲሜትር ተራርቀው በአንድ ሣጥን የታሸጉ ሁለት ስፒከሮች ግን ሦስት ሜትር ርቆ ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው አንድ ናቸው። ካርቶኑ ስቴሪዮ ይበል እንጂ ሙሉ ባንዱ አንድ ወንበር ላይ ተደራርቦ የተቀመጠ ያህል ነው የሚሰማው። ስለዚህ ቦታ ያለው ቤት የሚነጣጠሉ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮችን ቢመርጥ ይሻለዋል። ለኮምፒውተር ተብለው የሚሸጡት እንኳ ከብዙ ባለ መብራት ሣጥን የተሻለ ያዘፍናሉ፤ ዋጋቸውም ያን ያህል አያስደነግጥም። ገዢዎች የሚያልፏቸው ስለማያበሩ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

የልጁ ቤዝስ? እዚህ ላይ ፊዚክስ ከልጁም ከባለሱቁም ጋር አይደራደርም። በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ የሚርገበገብ የወፍራም ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ ሰባት ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ያንን ለማስነሣት ብዙ አየር መግፋት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ሣጥን ብዙ አየር አይገፋም። ደህና ሠሪዎች በሣጥኑ ጀርባ ወይም ጎን ቱቦ በመተው፣ አለዚያም ያለ ሽቦ ጠምዛዛ የሚንቀሳቀስ ተጨማሪ ገበታ በማድረግ ትንሹን ሣጥን ከዕድሜው በላይ ያናግሩታል። ያም ሆኖ ግድግዳ አጠገብ፣ በተለይ ማዕዘን ላይ፣ የተቀመጠ ስፒከር ቤዙ በነጻ ይጨምራል። መጨመሩ ግን በልክ ካልሆነ ከበሮው የዘፋኙን ቃል ይውጠዋል፤ ያን ጊዜ አባትና ልጅ እንደገና ይጣላሉ።

የኛ ቤት ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ ቡፌ። ቡፌ ላይ የተቀመጠ ስፒከር ከሥሩ ያሉትን የሻምፓኝ ብርጭቆዎች በሙሉ ባንድ ውስጥ ይቀጥራቸዋል። ቤዙ ሲመጣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሲኒው ይንጫጫል፤ እናት «ዕቃዬን!» ብላ ትነሣለች። ከሥሩ ወፈር ያለ ጎማ ወይም ስፖንጅ ቢደረግለት መንቀጥቀጡ በእጅጉ ይቀንሳል። ዳንቴሉን በተመለከተ ግን አቋም መያዝ የግድ ነው። ዳንቴል የቤት ጌጥነቱ አያጠያይቅም፤ ቴሌቪዥን ላይም ያምራል። ወፈር ያለ ጥልፍ ስፒከር ፊት ላይ ሲወርድ ግን ቀጫጭኖቹን ድምፆች፣ የማሲንቆውን ጫፍ፣ የጸናጽሉን ጥርት ማለት ይይዛቸዋል። ስለዚህ ከላይ ይጣል፣ ፊቱ ይከፈት። ከጀርባ ቱቦ ያለው ዕቃም ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ ይበል።

ብሉቱዝ እነዚህን ሁሉ የገመድና የአፍ ጣጣዎች ገላገለን ይባላል፤ እውነትም በከፊል ገላግሏል። ስሙን በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ከነበረ የዴንማርክ ንጉሥ የወሰደው ይህ ዘዴ ማንኛውንም ስልክ ከማንኛውም ስፒከር ጋር ያገናኛል። «ማንኛውም» ያልነው ደግሞ ጎረቤትንም ይጨምራል። ሞገዱ ወደ አሥር ሜትር ይጓዛል፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ አያቆመውም። አያት ቅዳሜ ጠዋት መዝሙር ከፍተው ተንበርክከው ሳለ ከላይኛው ፎቅ ያለው ጎረምሳ ስልኩን ሲነካ ሣጥኑ በድንገት የጭፈራ ዘፈን ሊለቅ ይችላል። ጎረምሳው ሆን ብሎ አይደለም፤ በስልኩ ዝርዝር ውስጥ ካሉት ተመሳሳይ ስሞች አንዱን በስህተት መርጦ ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ስፒከሮች ፋብሪካቸው የሰጣቸው አንድ ዓይነት ስም ነው ያላቸው፤ የይለፍ ቁጥርም አይጠይቁም።

የእነዚሁ ርካሾች ሌላው ጠባይ የሚያውቃቸው ሁሉ ያውቀዋል። በተከፈቱ ቁጥር አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ «ብሉቱዝ ዝግጁ ነው» ብላ ባላት ጉሮሮ ሁሉ ታውጃለች። ድምፁን ቀንሶ መክፈት አይረዳም፤ ብዙዎቹ ላይ የእሷ ድምፅ ከሙዚቃው ቁልፍ ጋር አይቀነስም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ዜና ለመስማት የተነሣ ሰው ዜናውን ከመስማቱ በፊት ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ሱቅ ውስጥ ሣጥኑን አጥፍቶ እንደገና ማስከፈት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ባለሱቁ ከፍቶ ስለሚጠብቅ አዋጁ ገዢው ጆሮ አይደርስም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ጥሩው ሣጥን ተገዝቶ ቤት ሲገባ የሚመጣው ቅሬታ ነው። «ቴፑ ይንሻሻል» ይባላል። ቴፑ አይደለም የሚንሻሸው። ሚሞሪ ላይ በሙዚቃ ቤት የተጫነው የድሮ ሙዚቃ አብዛኛው ከካሴት የተቀዳ ነው። ካሴቱ ራሱ ከሌላ ካሴት የተገለበጠ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በኮምፒውተር ተጨምቆ ኤምፒ ስሪ ሆነ፤ ቦታ ለመቆጠብም አንዳንዴ እንደገና ተጨመቀ። የስልኩ ትንሽ ስፒከር ያንን ሹሹታ ማሰማት ስላልቻለ ደብቆት ኖሯል። ደህናው ሣጥን ግን የተቀዳውን ሁሉ፣ ሹሹታውንም ጭምር፣ ታማኝ ሆኖ ያቀርበዋል። ስለዚህ ሣጥኑን ከመመለስ በፊት ያንኑ ዘፈን ከኦሪጅናል ሲዲ ወይም ባለመብቶቹ በይፋ ከለቀቁት ቅጂ አግኝቶ ማወዳደር ነው። ለሣጥኑ ብዙ ሺህ ብር የከፈለ ሰው ለዘፈኑ ጥቂት ብር ሲከፍል ለምን እጁ እንደሚያጥር የሚገባው የለም። ዘፋኞቻችን ይህን ጥያቄ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሲጠይቁ ኖረዋል።

ለማንኛውም ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው በደንብ የሚያውቀውን አንድ ዘፈን ይዞ ይሂድ፤ የሰው ድምፅ፣ ከበሮና ክራር ወይም ማሲንቆ ያለበት ቢሆን ይመረጣል። ባለሱቁን በትሕትና «እስቲ የኔን ክፈትልኝ» ይበለው። መጀመሪያ በዝግታ ይስማው፤ ቃሉ ቁልጭ ብሎ ካልተሰማ ጮክ ሲል አይሻለውም። ቀጥሎ ጮክ ያድርገው፤ ከበሮው ከተሰነጠቀ ዋቱ የወረቀት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ከሆነ ባትሪውን ይጠይቅ። ከዚያ ሣጥኑን ያዙረውና ያንን 3.5 ሚሊሜትር ክብ ቀዳዳ ይፈልግ። ብሉቱዙ ቢኮርፍ፣ ስልኩ ቢቀየር፣ አፕል አራተኛ አፍ ቢያወጣ፣ በዚያች ቀዳዳ በኩል ሁልጊዜ መላ አይጠፋም፤ ቀዳዳዋ የሌለችውን ሣጥን የቱንም ያህል ቢያበራ መደርደሪያው ላይ ይተወው።

ገመዱን ለብቻው ይግዙ፤ ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይኖርም።